ስለ አንድ የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ ጥገና መምሪያ፤ በግሦች አመራረጥ ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ዘወትር የሚያርፈው በስም ላይ ነው። ይህ መሣሪያ ምን ይባል፣ ያኛው ክፍል ከግእዝ ይሰየም ወይስ በውሰት ይቀመጥ እየተባለ ብዙ ተጽፏል፤ በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የረጅም ድካም ፍሬ ነው። ስለ ግሥ የተባለው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የመኖሪያ ቤት መዋኛ ገንዳ ለሚጠብቁ ሰዎች ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የተባዛ አንድ አነስተኛ የፓምፕ ጥገና መምሪያ ነው። አዘጋጆቹን መውቀስ ዓላማችን ስላልሆነ ስማቸውን አንጠቅስም። ዓላማችን በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ የከፋውን ጉዳት የሚያስከትለው የስም ሳይሆን የግሥ ስሕተት መሆኑን ማሳየት ነው።

አስቀድመን የመሣሪያውን አሠራር ባጭሩ እናስታውስ። የገንዳው ውሃ በመሳቢያው ቧንቧ መጥቶ ቅጠልና ፀጉር በሚያስቀር ወንፊት ያልፋል። ከዚያም በኤሌክትሪክ ሞተር ወደሚሽከረከር ክንፋም መንኮራኩር መካከል ይገባል፤ መንኮራኩሩም ውሃውን ከመካከል ወደ ዳር እየወረወረ ወደ ማጣሪያው ይገፋዋል። የተጣራው ውሃ ተመልሶ ወደ ገንዳው ይገባል። ችግር ሲደርስ ጠባቂው መምሪያውን የሚገልጠው የተበላሸውን ክፍል ስም ይዞ አይደለም፤ ያየውንና የሰማውን ይዞ ነው። ያየውና የሰማው ደግሞ የሚነገረው በግሥ ነው።

የመምሪያው ስሞች እንከን የለባቸውም አንልም። ዘንጉን ከብቦ የፓምፑ ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚከላከለው ክፍል «ማኅተም» ተብሏል። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም ነገሮች ስለሚያመለክት የመጣ ስሕተት ነው፤ «የዘንግ ውሃ መከላከያ» ቢባል በበቃ ነበር። «ቧንቧውን ይዝጉ» የሚለውም ትእዛዝ አሻሚ ነው፤ በቤት ውስጥ አነጋገር ቧንቧ ውሃ የሚያስተላልፈውም፣ ተከፍቶ የሚዘጋውም ነውና። በሌላ በኩል «ኩሽኔታ»ን እንዳለ ማስቀመጡ የሚመሰገን ነው። ከጣልያንኛ ገብቶ በየጋራዡ የታወቀን ቃል በአዲስ ፈጠራ መተካት ለአንባቢው የሚጨምርለት ነገር የለም። ይሁን እንጂ «ማኅተሙን ይመርምሩ» የተባለ ጠባቂ የጽሕፈት ቤት ማኅተም ትዝ ይለዋል፤ ግራ ይጋባል፤ ሰው ይጠይቃል። የተሳሳተው ስም ከሥራው አቆመው እንጂ ወደ ጥፋት አልመራውም። የተሳሳተ ግሥ ግን ግልጽ መስሎ ስለሚታይ ያለ ጥያቄ ይፈጸማል።

የመጀመሪያው ማስረጃችን «ፓምፑን ከማስነሣትዎ በፊት ያዘጋጁት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው። የእንግሊዝኛው ግሥ በሌላ ስፍራ ማዘጋጀት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሙያ ግን ፓምፑንና የመሳቢያውን ቧንቧ አየር አስወጥቶ በውሃ መሙላት ማለት ነው። «ያዘጋጁት» የተባለ ጠባቂ ክዳኑን ይወለውላል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ያያል፣ ከዚያም ያስነሣል። ፓምፑ በደረቁ ይዞራል፤ በውሃ ይቀዘቅዝ የነበረው የዘንግ መከላከያ በሰበቃ ግሎ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚያንጠባጥበው ውሃ ወደ ሞተሩ ኩሽኔታ ይደርሳል። ጠባቂው የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሞ ሳለ ሞተሩ የተበላሸው በአንድ ግሥ ምክንያት ነው። በበኩላችን «ማጉረስ» የሚለውን እናቀርባለን፤ «ከማስነሣትዎ በፊት የወንፊቱ ቤት እስኪሞላ ድረስ ፓምፑን ውሃ ያጉርሱት» ቢባል ማንም አይሳሳትም። ጠመንጃ ጥይት ይጎርሳልና ግሡ ለመሣሪያ እንግዳ አይደለም፤ ከሥራ በፊት መደረግ ያለበት መሆኑንም ያመለክታል። «ውሃ ይሙሉበት» ይበቃል የሚል ቢኖር አንከራከረውም፤ የምንቃወመው ውሃን ጨርሶ የማያነሣውን ግሥ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ድምፅን ይመለከታል። ዋናው ጽሑፍ በሦስት ግሦች የለያቸውን ሦስት ምልክቶች መምሪያው «ሞተሩ ድምፅ ያሰማል» በሚል አንድ አነጋገር ጠቅልሏቸዋል። ሞተሩ ሳይዞር የሚያጉረመርም ከሆነ ኤሌክትሪክ ደርሶታል፤ ችግሩ የማስነሻው ካፓሲተር መድከም ወይም በመንኮራኩሩ ውስጥ የተቀረቀረ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ መጥፋት አለበት፤ ካፓሲተሩም ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ በኋላ እንኳ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ በባዶ እጅ አይነካም። እየዞረ ሲጥ ሲጥ የሚል ወይም የሚያፏጭ ከሆነ የሚጠረጠረው ኩሽኔታው ነው። ጠጠር እንዳለበት ቆርቆሮ የሚንገጫገጭ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ የሚበቃውን ውሃ አላገኘም ማለት ይሆናል፤ ወንፊቱ ወይም መሳቢያው ተደፍኖ ግፊቱ እጅግ ሲወርድ በውሃው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋውም ግፊት ሲያገኝ እየተሰባበረ መንኮራኩሩን ይበላል። ይህን ክሥተት መምሪያው «መቦርቦር» ማለቱ ውጤቱን ከምክንያቱ ያደባልቃልና «ካቪቴሽን» ብሎ መተርጐሙን ማስከተል ይሻል ነበር። ሦስቱ ድምፆች ሦስት የተለያዩ መፍትሔዎች አሏቸው። አማርኛ በ«አለ» እየተረዳ ድምፅን በመለየት የታወቀ ቋንቋ ሆኖ ሳለ በዚህ ስፍራ ደኸየ ቢባል ድህነቱ የተርጓሚው እንጂ የቋንቋው አይደለም።

ሦስተኛው «ፓምፑ አይስብም» የሚለው ነው። ፓምፕ በእውነቱ ውሃን አይስብም፤ በመግቢያው ግፊት ሲቀንስ ውሃውን የሚገፋው የአየር ክብደት ነው፤ ስለዚህም የከፍታው ወሰን በባሕር ጠለል 10 ሜትር ያህል ሲሆን በአዲስ አበባ ከ8 ሜትር ያንሳል። ይህን ይዘን ግን «መሳብ» ይሻር አንልም፤ ፀሐይ ትወጣለች ማለትን ማንም አልሻረምና። የምንተቸው መምሪያው ጨርሶ ያልሳበውንና ስቦ የሚተወውን በአንድ ግሥ ማስቀመጡን ነው። ጨርሶ ያልሳበ ፓምፕ አልጎረሰ ወይም የመሳቢያው መዝጊያ አልተከፈተ ይሆናል። ስቦ የሚተው ግን ብዙ ጊዜ ከመግቢያው በኩል አየር ያገኘ ነው፤ የገንዳው ውሃ ወርዶ ይሆናል፣ ወይም የወንፊቱ ክዳን ጎማ ደርቆ ይሆናል፤ ብርሃን በሚያሳልፈው ክዳን ሥርም አረፋ ይታያል።

የመጨረሻው ስሕተት ከግሡ ጋር በአንዲት ፊደል ላይ የተመሠረተ ነው። የተለመደው ደንብ የግፊት መለኪያው ማጣሪያው ንጹሕ ሳለ ካሳየው በካሬ ኢንች ከ8 እስከ 10 ፓውንድ ሲጨምር ማጣሪያው ይታጠብ የሚል ነው። መምሪያው «ግፊቱ 10 ሲደርስ» ይላል። «በ10 ሲጨምር» እና «10 ሲደርስ» ምንና ምን ናቸው? ንጹሕ ማጣሪያው ራሱ ከ10 በላይ የሚያሳይ ገንዳ ያለው ጠባቂ ትእዛዙን ቢያከብር ያለ ማቋረጥ ሲያጥብ ይኖራል፤ ንጹሕ ውሃም በከንቱ ይፈሳል።

ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የሙያ ቃላት በሚሰበሰቡበት ካርድ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጐን መሣሪያው ሲሠራና ሲበላሽ የሚነገርለት ግሥ ይመዝገብ፤ ግሡም ከመዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን ከጠጋኞች አንደበት ይቀዳ። የተተረጐመው መምሪያ ከመባዛቱ በፊት መሣሪያው ባለበት ስፍራ ለማያውቀው ሰው ይነበብለትና እጁ ወዴት እንደሚሄድ ይታይ። የዚህ መምሪያ ተርጓሚ አጫጭር ትእዛዛትን በመምረጡና ኤሌክትሪኩን ማጥፋትን ከሁሉ አስቀድሞ በመጻፉ ለአንባቢው ያሰበ መሆኑ አይካድም። ሁለተኛው እትም ሲዘጋጅ ስሞቹ ባሉበት ቢቆዩ እንኳ ከላይ የዘረዘርናቸው ግሦች እንዲታረሙ እናሳስባለን።