ከጋዜጣ ጠረጴዛ ወደ ልብ ወለድ፦ ስለ ብርሃኑ ዘሪሁን አጻጻፍ

ስለ አቶ ብርሃኑ ዘሪሁን በተነሣ ቍጥር በተማሪዎች መካከል የምንሰማው አስተያየት አንድ ነው፤ ይኸውም «ጋዜጠኝነቱ ጊዜውን ባይበላበት ኖሮ ከዚህ የበለጠ ይጽፍ ነበር» የሚል ነው። እኛም ይህን ያለ ምርመራ ተቀብለን ኖረናል። መጻሕፍቱን እንደገና ስናነብ ግን ነገሩ ተገልብጦ አገኘነው። ጋዜጣው ደራሲውን አልቀማንም፤ ሠርቶ ሰጠን እንጂ። ያስከፈለው ዋጋ ግን አለ።

ብርሃኑ በ1926 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለደ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን እዚያው ጨርሶ አዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ገባ። ከእጅ ሞያ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው የብዕር ሰው መሆኑ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን መሣሪያን ፈትቶ የገጠመ ሰው ዐረፍተ ነገርንም ፈትቶ ቢገጥም አይደንቅም። ከዚያ በኋላ «የኢትዮጵያ ድምፅ»ን፣ ቀጥሎም «አዲስ ዘመን»ን አዘጋጅቷል። «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች» በ1952 ዓ.ም. ታተመ፤ ከዚያ «ድል ከሞት በኋላ»፣ «የበደል ፍጻሜ»፣ «አማኑኤል ደርሶ መልስ» ተከታተሉ፤ በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ» ወጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ አምስት መጽሐፍ ማለት ነው፤ ያውም ጋዜጣ እያዘጋጁ። በ1979 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስም ብዕሩን አላስቀመጠም።

አስተያየታችንን ያስለወጠን አንድ ትንሽ ፈተና ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን የአንዱ ቤተ ሰቦች ወደሚኖሩባት ወደ ትክል ድንጋይ ሄደን ነበር፤ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የላይ አርማጭሆ ከተማ ናት። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ «የቴዎድሮስ እንባ»ን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነብ ነበር። ከሰሚዎቹ መካከል ፊደል ያልቈጠሩ ነበሩ፤ ዳዊት የደገሙ አንድ አባትም ነበሩ። ለማወዳደር ያህል ከአንድ የቈየ ጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ አነበብንላቸው። ግሡ እስኪደርስ ድረስ ነገሩ ስለሚርቅ «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» እያሉ ሁለት ጊዜ አስቆሙን። በልብ ወለዱ ግን ማንም አላስቆመንም፤ ቡናው እንኳ ሁለተኛው እስኪቀዳ ተረስቶ ነበር።

የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ጸሐፊው ሐሳብ በሐሳብ ላይ እየደራረበ አንባቢውን ማስጠበቅ ይቀለዋል። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ረጅም ዐረፍተ ነገር የራሱ ውበት አለው፤ ነገር ግን የሠለጠነ እስትንፋስ ይፈልጋል። ብርሃኑ የሚጽፍለት ሰው ጋዜጣውን ቆሞ የሚያነብ፣ ወይም ሌላ ሰው የሚያነብለት ነው። የጋዜጣ ዓምድ ጠባብ ነው፤ ማተሚያ ቤቱም አይጠብቅም። የሌላውን ጽሑፍ ሲቈርጥ የሚውል አዘጋጅ የራሱንም ሳይቈርጥ አያድርም። «ድል ከሞት በኋላ»ም የደቡብ አፍሪቃን ጥቍር ሕዝብ መከራ ታሪኩ ማድረጉ ከዚሁ የመጣ ይመስለናል። የሻርፕቪል ግድያ ወሬ በ1952 ዓ.ም. ዓለምን ሲያዳርስ በአዲስ አበባ አስቀድሞ የሚደርሰው ለጋዜጣ ሰው ነበርና።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። በሦስተኛው ማታ እኒያ አባት «መልካም ነው ልጆቼ፤ ግን ንጉሡም ወታደሩም ባላገሩም አንድ አፍ ነው ያላቸው፤ የቋራ ሰው እንዲህ አይናገርም» አሉን። ለደራሲው ተከራከርን፤ ወደ መኝታችን ስንሄድ ግን እርስ በርሳችን እውነታቸውን ነው ተባባልን። የጋዜጣ አማርኛ በየጠቅላይ ግዛቱ እኩል እንዲሰማ ተብሎ የተላገ አማርኛ ነው። የጎንደር ልጅ ስለ ቋራው ቴዎድሮስ ሲጽፍ የጎንደርን ንግግር ከበር ውጭ ማስቆሙ ያሳዝናል። በ«ማዕበል» ሦስት ክፍሎችም፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ የወሎን ረኃብ ሲያሳይ ዘጋቢው ያሸንፋል፤ አብዮቱን ማብራራት ሲጀምር ግን ርእሰ አንቀጽ ጸሐፊው ብዕሩን ይቀማዋል።

እዚህ ላይ የአሜሪካንን ደራስያን ማንሣት ይጠቅማል። ኤድጋር አለን ፖ መጽሔት እያዘጋጀ፣ የሰው መጽሐፍ እየነቀፈ፣ አጭር ልብ ወለድ ምን መሆን እንዳለበት በ1842 እ.ኤ.አ. በመጽሔት ላይ በወጣ ሒስ አስረዳ። ሄሚንግዌይ አጭር ዐረፍተ ነገርን በካንሳስ ከተማ ጋዜጣ ቤት ተማረ። ኤድመንድ ዊልሰን ደግሞ በመጽሔት የጻፈውን ሒስ ሰብስቦ መጽሐፍ አደረገ። ሦስቱም ከአንዱ አዘጋጅ ጋር ቢጣሉ የሌላውን በር ማንኳኳት ይችሉ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ብርሃኑ የሠራባቸው ጋዜጦች የመንግሥት ነበሩ፤ አዘጋጁም ደመወዝተኛ ሹም ነበር። ሒስ መጻፍ ለብቻው እንጀራ የሆነለት ሰው አናውቅም።

በዓሉ ግርማን እንመልከት። ጋዜጠኝነትን በአሜሪካ ሚሺጋን ተምሮ ተመለሰ፤ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «መነን»ን፣ «አዲስ ዘመን»ን አዘጋጀ፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም ከፍ ያለ ሹመት ደረሰ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የሚያንኳኳው ሌላ በር አልነበረውም። እንግዲህ የብርሃኑን ጥንቃቄ፣ ያን የተላገ አማርኛውንም ጭምር፣ በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማየት ተገቢ ነው። የዓምዱ ጥበት ብቻ አልነበረም የሚያስቈርጠው። ይህን ስንል ጉድለቱን ማስተባበላችን አይደለም፤ የእኒያ አባት ነቀፋ እንደ ቆመ ነው።

ከትክል ድንጋይ ስንመለስ መጽሐፉን አልያዝነውም። ነቃፊያችን ራሳቸው የቀረውን ምዕራፍ የቤቱ ልጅ ያንብብልኝ ብለው ያዙብን።