ኤንዛይሙ ጥፋተኛ ነውን?

በዕድሜ የገፋ ሰው የልጁን ስም ሲረሳ በሀገራችን «ጃጀ» ተብሎ ይታለፋል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር ግን እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት እንዲህ ያለች በሽተኛ አንጎል ከሞተች በኋላ መርምሮ፥ በነርቭ ሴሎች መካከል የተከማቸ ዝቃጭ፥ በሴሎቹም ውስጥ የተቋጠረ ክር አገኘ። ዝቃጩ አሚሎይድ ቤታ የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን ከአንድ ትልቅ ፕሮቲን ላይ ቆርጠው የሚያወጡት ሁለት ኤንዛይሞች ሲሆኑ፥ ቀድሞ የሚቆርጠው ቤታ ሴክሬቴዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ተለይቶ ታወቀ።

ከዚህም ወዲህ የብዙ ሊቃውንት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ይኸውም ቆራጩ ቢታገድ ዝቃጩ ይቀራል፥ ዝቃጩም ቢቀር በሽታው ይቆማል የሚል ነው። እኛ የምንተቸው ይህንን ነው።

ቬሩቤሴስታት የተባለው መድኀኒት ኤንዛይሙን ሲያግድ አሚሎይዱ በእርግጥ ቀነሰ። ነገር ግን የበሽተኞቹ አእምሮ አልተሻለም፤ በበሽታው መነሻ ላይ የነበሩትማ መድኀኒቱን ካልወሰዱት ይልቅ ባሰባቸው። ሙከራዎቹም እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ተቋረጡ። ኤንዛይሙ የሚቆርጠው አንድ ፕሮቲን ብቻ አይደለምና፤ ለነርቭ ክሮች ሽፋን የሚያስፈልገውን ኒውሬጉሊንንም ይቆርጣል።

ነገሩን በጉባ ምሳሌ እንመልከተው። ዓባይ ከደጋው አፈር ጠርጎ ያወርዳል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በጉባ በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኋላ ያለው ሐይቅም ደለሉን ይቀበላል። ሆኖም ደለል ተጠልቶ ወንዙ ከላይ ይዘጋ የሚል መሐንዲስ የለም፤ ተርባይኑን የሚያዞረው ውሃ የሚመጣው በዚያው መንገድ ነውና።

ይህን ስንል ዝቃጩ ምንም አይጎዳም ማለታችን አይደለም። ዝቃጩን የሚጠርገው ሌካኔማብ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል፤ በሙከራው በ18 ወራት ውስጥ የበሽታውን ግስጋሴ በ27 በመቶ አዘግይቶ ነበር። አዘገየ እንጂ አላቆመም።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በዝቃጭ አጠገብ ኤንዛይም በተገኘ ቁጥር ጥፋተኛው ተያዘ ከማለት እንቆጠብ። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 አሥራ አራት የመርሳት በሽታ አጋላጮችን ዘርዝሮ፥ እነርሱ ቢወገዱ ከበሽታው 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከእነርሱም መካከል የትምህርት ማነስ፥ የጆሮ መድከምና የደም ግፊት ይገኛሉ። እንግዲህ የጉባን ሽማግሌ «ጃጁ» ብሎ ከማለፍ በፊት፥ ጆሯቸው ይሰማ እንደሆነ፥ የደም ግፊታቸውም ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።