ጭነት ይዞ መውረድ

አዲሱን ራም 3500 የናፍጣ ፒካፕ ለማየት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ኮፈኑን ያስከፍታል። እኔ ግን የጭነት ቦታው ወለል ላይ የተተከለችውን የብረት ኳስ አስቀድማለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሴንቲሜትር አትሞላም፤ ሦስት መኪና የጫነ ተሳቢ ግን አንገቱን አጎንብሶ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። አቀማመጧን ልብ ብላችሁ እዩት። ከኋላው አክስል በላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት ቀደም ብላ ነው ያለችው። ስለዚህ ክብደቱ ጭራውን ደፍቆ አፍንጫውን አያስነሳም። በአራቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የፊቶቹም አስፋልቱን እንደጨበጡ ይቀራሉ፣ መሪውም አይቀልም።

አትላንታ አጠገብ ባለችው ክላርክስተን ውስጥ ይህን መኪና የሚገዛ ሐበሻ ለሽርሽር ብሎ አይገዛውም። ኮሌጅ ፓርክ ካለው የማንሃይም ጨረታ መኪና አንስቶ፣ በ285 ቀለበት መንገድ ዞሮ፣ ናሽቪል ድረስ የሚያደርስ ሰው ነው። ፒካፑና ተሳቢው ተደምረው የተፈቀደላቸው ክብደት ከ26 ሺህ ፓውንድ፣ ማለትም 11.8 ቶን ገደማ፣ ካለፈ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። ባዶውን ሜሞሪያል ድራይቭ ላይ ለአስቤዛ የሚያመላልሰው ካለ ግን ገንዘቡን ያባክናል፤ አጭር መንገድ ላይ የጭሱ ማጣሪያ በደንብ ስለማይሞቅ ጥቀርሻው ሳይቃጠል ይጠራቀማል።

ሞተሩ ኩሚንስ ነው፤ 6.7 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ። ኤን ትሬ ፊያት ሲነዳ ወይም ሲጠገን ያየ ሰው አሰላለፉን ያውቀዋል። ስድስቱ ፒስተኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲወጡና ሲወርዱ የአንዱን ንዝረት ሌላው ያጠፋዋል፤ ተጨማሪ የማመጣጠኛ ዘንግ አያስፈልግም። ኩሚንስ በ1989 ሞዴል የዶጅ ፒካፕ ውስጥ ሲገባ 5.9 ሊትር ሆኖ 160 ፈረስ ጉልበትና 542 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ነበረው። የ2025ቱ 430 ፈረስ ጉልበትና 1,458 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ የመጠምዘዝ ኃይሉን ደግሞ በደቂቃ 1,800 ዙር ብቻ ሲዞር። ዳገት ላይ የማይጮኸው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ግፊት የሚሸከመው ብሎክ እንዲሁ የተቀዳ ብረት አይደለም። በተራው ብረት ውስጥ ግራፋይቱ ስስ ቅጠል እየሆነ ይረጋል፤ ስንጥቅ ሲጀምር ያንን ቅጠል ተከትሎ ይሮጣል። በዚህኛው ግን ግራፋይቱ ትል መሳይ ቅርጽ ይዞ እርስ በርሱ እንዲቆላለፍ ተደርጓል፤ ስንጥቅ ቀጥ ያለ መንገድ አያገኝም። ከውጭ ሲታይ የሚለይበት ምንም ነገር የለም። በዓይን የማይታይ ሥራ ላይ ይህን ያህል መጨነቅ ደስ ይለኛል።

ማስታወቂያው ግን የሚያወራው ስለ መጎተት ብቻ ነው፤ በትክክል ሲታጠቅ ከ16 ቶን በላይ ይስባል ይላል። ለእኔ የመኪናው ትልቁ ሥራ ቁልቁለት ላይ ነው። ከናሽቪል ወደ ቻተኑጋ በ24 አውራ ጎዳና ሲመለሱ ሞንትኢግል ተራራ አለ፤ ፍሬን ለከዳቸው ከባድ መኪናዎች የማምለጫ መንገድ የተሠራለት ቁልቁለት ነው። አባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ጭነት ይዞ የወረደ ሹፌር ፍሬን ሸራ ሲቃጠል የሚሸተውን አይረሳም። እዚህ ሹፌሩ አንዲት ቁልፍ ይጫናል። ቱርቦው የጭሱን መተላለፊያ ያጠበዋል፤ መውጫ ያጣው ጭስ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፒስተኖቹ ያንን ግፊት ለመርታት ሲታገሉ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል። ካምቢዮውም ሳይታዘዝ አንድ ማርሽ ዝቅ ያደርጋል። ዳገቱ ላይ የሚገፋው ቱርቦ ቁልቁለቱ ላይ የሚይዘው እሱው መሆኑ ነው የሚያስደንቀኝ።

በዚያ መንገድ የሚመላለስ አንድ የክላርክስተን ሹፌር ጎማውን አስፈትቶ ሲያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ሸራውን እየው፤ ተራራውን ስወርድ እኮ ፍሬን የምነካው አልፎ አልፎ ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሸራው ገና ወፍራም ነው፤ ዲስኩም ላይ ሙቀት የሚተወው ሰማያዊ ነጠብጣብ አንድም ቦታ የለም።