ሰነድን በሙሉ ስሙ ስለ መጥራት

የሰበታው ሰው የኪራይ ውሉን፣ የሱሉልታዋ ወጣት የሥራ ማመልከቻዋን፣ የቡራዩው ጎረቤት ደግሞ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበውን አቤቱታ በፍላሽ ይዘው ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሲገቡ፣ ገመናቸውን በአደራ እንደ ሰጡን የሙያው ባለቤት ሊዘነጋው አይገባም።

ከሱቅ ወደ ሱቅ በሚዞረው ፍላሽ ላይ የሚያድረው ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር ሰውሮ በምትኩ መልኩን የመሰለ ሾርትከት ያኖራልና፣ መልኩን አምኖ ደብል ክሊክ ያደረገ ጸሐፊ ሰነዱን ከማየቱ አስቀድሞ ክፉውን ፕሮግራም ያስነሣል። ዊንዶውስም የፋይልን ቅጥያ በልማዱ ስለሚደብቅ፣ በ«ኢኤክስኢ» የሚያበቃው አደገኛ ፋይል ተራ የጽሑፍ ሰነድ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ ሰነድን ከትእዛዝ መስመር መክፈትን መርጫለሁ። በዊንዶውሱ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት «ዲር» ብሎ ከእዝባር ቀጥሎ «ኤ»ን የጻፈ ሰው የተሰወረውንም የተገለጠውንም ከነቅጥያው ያያል፤ በ«አትሪብ» ትእዛዝ የመሰወሪያውን ምልክት ያነሣል፤ ከዚያም «ስታርት» ብሎ፣ ባዶ ጥንድ ትእምርተ ጥቅስ አስቀድሞ፣ የሰነዱን ስም በሌላ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያሰፍራል። ባዶው ጥንድ መቅደሙ፣ ትእዛዙ በመጀመሪያ ያገኘውን ጥቅስ የመስኮት አርእስት አድርጎ ስለሚወስደው ነው፤ ይህን ያልተማረ ጀማሪ ሰነድ ጠርቶ ባዶ መስኮት ይገጥመዋል። በሊኑክስ «ኤክስዲጂ-ኦፕን»፣ በማክ «ኦፕን» ይህንኑ አገልግሎት ይፈጽማሉ።

ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ስፍራውን ካገኘ ወዲህ ሰነድን በአማርኛ መሰየም ቀሏል፤ ነገር ግን በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ በሊኑክስ ዘንድ ለአንድ ስም ከተወሰነው 255 ባይት ውስጥ የሚገባው 85 ሆሄ ብቻ ሲሆን፣ በላቲን ፊደል ለሚጻፈው የኦሮምኛ ስም ግን ወሰኑ ሦስት እጥፍ ይሰፋለታል። የዊንዶውሱ ጥቁር መስኮት ሆሄያችንን ሣጥን አድርጎ ቢያሳይ እንኳ ስሙ አልጠፋምና፣ «ታብ»ን መጫን ስሙን ሞልቶ ያመጣዋል።

የደብር ዕቃ ቤት ጠባቂ በአንድ ዓይነት ቆዳ የተደጎሱትን ድርሳንና ገድል ገልጦ አርእስታቸውን በማንበብ እንደሚለያቸው፣ የእኛም ሙያ ከመልክ አልፎ ስምን ማንበብን ይጠይቃል። ለሙያው አዲስ የሆኑትን ወጣቶች ይህን ሥርዓት ከማውስ አስቀድሜ የማስተምራቸው፣ ስሙን አንብቦ፣ ዓይነቱን ለይቶ፣ ስፍራውን አውቆ ሰነድን የሚከፍት ጸሐፊ የባለጉዳዩን አደራ በሚገባ እንደሚጠብቅ ስለማምን ነው።