ነጭ ድንጋይ ሁሉ አምብሊጎናይት አይደለም

አንድ ጓደኛችን ለጥናት ክበባችን ባቀረበው ጽሑፍ፥ ከሶዶ ከተማ በላይ ካለው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያነሣው ነጭ ድንጋይ አምብሊጎናይት ነው ይለናል። ማዕድኑም ፎስፌት ስለሆነ ተፈጭቶ በወላይታ ገበሬ ማሳ ላይ ቢበተን ታላቅ ጥቅም ይሰጣል ሲል ይደመድማል። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ስለሆነ እናመሰግነዋለን፤ ማስረጃው ግን ሊመረመር ይገባዋል።

አምብሊጎናይት የሊቲየምና የአሉሚኒየም ፎስፌት ሲሆን ፍሎሪን ወይም ሃይድሮክሲል አለበት። የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1817 በጀርመን አገር በሳክሶኒ ነው። ስሙ ከግሪክ የመጣ ሆኖ «ደነዝ ማዕዘን» ማለት ነው፤ የሚሰነጠቅባቸው ገጾች በቀጥተኛ ማዕዘን አይገናኙምና። የፌልድስፓር ገጾች ግን በ90 ዲግሪ ወይም ለዚያ በጣም በቀረበ ማዕዘን ይገናኛሉ። ጓደኛችን ማዕዘኑን አልለካም። የሰጠን ምልክት ድንጋዩ ነጭ መሆኑን፥ ማብለጭለጩንና በቢላዋ በቀላሉ አለመጫሩን ነው። ሦስቱም ለፌልድስፓር ይስማማሉ! ልዩ ክብደቱን ቢመዝን ኖሮ ነገሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ባለቀ ነበር፤ የአምብሊጎናይት 3 ገደማ፥ የፌልድስፓር 2.6 ገደማ ነው። ስባሪው በነበልባል ሲያዝም አምብሊጎናይት በቀላሉ ቀልጦ እሳቱን ቀይ ያደርገዋል፤ ፌልድስፓር ግን ለመቅለጥ እጅግ ያስቸግራል።

ስለ ቦታውም አልተጠነቀቀም። አምብሊጎናይት የሚገኘው በፔግማታይት ውስጥ ነው፤ ይኸውም ግራናይት በምድር ጥልቅ ሲረጋ በመጨረሻ ከሚተርፈው፥ ውሃና ብርቅ ንጥረ ነገሮች ከበዙበት ቅላጭ የሚሠራ፥ ትላልቅ ክሪስታሎች ያሉት ዐለት ነው። ዳሞታ ግን የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ትራካይት የሚባለው ዐለቱ ራሱ በአብዛኛው ፌልድስፓር ስለሆነ፥ ነጭ ፌልድስፓር በዚያ ቢገኝ አያስደንቅም። ፔግማታይት ለማየት የስምጥ ሸለቆውን ተሻግሮ በጉጂ ምድር ወዳለችው ወደ ቀንጢቻ መሄድ ያሻል፤ በዚያ ታንታለም ተመርቷል፥ ስፖዱሜን የሚባለው የሊቲየም ማዕድንም አለ። የስም ስሕተት ብዙ የሚያስከፍለው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። እስከ 10 በመቶ የሚደርስ የሊቲየም ኦክሳይድ የያዘ አምብሊጎናይት ፌልድስፓር ተብሎ ከግርዱ ጋር ሊጣል ይችላልና።

የወላይታ ቀይ አፈር ፎስፈረስ ይጎድለዋል ማለቱ ልክ ነው። ነገር ግን በአፈሩ ያሉት ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አጥብቀው ስለሚይዙት ነው ሰብሉ የሚራበው። አምብሊጎናይት ደግሞ ፎስፌቱ ከአሉሚኒየም ጋር አስቀድሞ የተሳሰረ፥ በዝናብ ውሃም በቀላሉ የማይሟሟ ነው። ለማዳበሪያ የሚፈለገው አፓታይት ነው፤ እርሱም በወለጋ በጊምቢ አካባቢ በቢቅላል ይገኛል። ገበሬው ምክራችንን አምኖ ድንጋይ ሲፈጭ የዘር ወቅት ቢያልፍበት፥ የሚከስረው እርሱ እንጂ እኛ አይደለንም።

ጓደኛችን ድንጋዩን አልጣለው እንደ ሆነ፥ በሚመጣው ስብሰባ ይዞት ይምጣ፤ ሚዛኑን እኛ እናቀርባለን።