«ማጠራቀሚያ» እና «ማገገም»፦ በነዳጅ ዘይት ሙያ ቃላት አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሂስ

ሰኔ 2010 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል፣ በሂላላ፣ የድፍድፍ ነዳጅ የሙከራ ምርት መጀመሩ በተገለጸ ጊዜ፣ የዚህ ሙያ ቃላት ከመዝገበ ቃላት አልፈው ወደ ዜና ገቡ። ከእነዚህም ተርጓሚን አብዝቶ የሚፈትነው፣ ነዳጁን በቀላሉ ከማይለቅ ዓለት ውስጥ በኬሚካል እየታገዙ የማውጣት ዘዴ ነው።

የዘዴውን ሦስት ዋና ዋና የእንግሊዝኛ ቃላት በቁማቸው ብንተረጉም «ማጠራቀሚያ»፣ «መርፌ መውጋት» እና «ማገገም» እናገኛለን። እያንዳንዱ ደኅና አማርኛ ነው፤ ተጣምረው የሚሰጡት ሐሳብ ግን ያሳስታል። «ማጠራቀሚያ» የሚል ያነበበ ሰው ገንዳ ወይም በርሜል ይታየዋል፤ ገንዳ ደግሞ ተቀድቶ ያልቃል። ነዳጁ ግን የሚገኘው በዓለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ነው፤ በተፈጥሮ ግፊትና በውሃ ተገፍቶ ከወጣ በኋላ እንኳ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚያው ይቀራል። ኬሚካል ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ሥያሜው ይህንኑ ምክንያት ይሰውራል።

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ለሚያድግ ተማሪ ነገሩ ባዕድ አይደለም። የተፋቀ እንሰት ሲጨመቅ ከፈሳሹ ሥር የሚዘቅጠው ቡላ እንደሚሆን፣ የቱንም ያህል ቢጨመቅ ግን ከቃጫው የማይለቅ እርጥበት እንደሚቀር ያውቃል። ምሳሌው ሥያሜ አይሁን፤ ሥያሜው ግን ተማሪው ከሚያውቀው ጋር ባይጋጭ ይመረጣል። ስለዚህ «ነዳጅ ያዘለ ዓለት» ማለቱ ይሻላል። የሚያገግም በሽተኛ ነውና «ነዳጅ ማውጣት»፣ መርፌም የለምና «በግፊት ማስገባት» ይበቃል።

ኬሚካሎቹን በተመለከተ፣ «ፖሊመር» እንዳለ ይወሰድ፤ ሥራው ውሃውን ማወፈር፣ ነዳጁን ትቶ እንዳይሾልክ ማድረግ ነው። በቻይና፣ በዳቺንግ፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው ሠርተውበታል። በነዳጅና በውሃ መካከል ያለውን ውጥረት የሚያላላውን ግን «ሳሙና» ማለት አደጋ አለው። አልካሊ ወደ ዓለቱ ሲገባ ከነዳጁ አሲዶች ጋር ተዋሕዶ እዚያው ሳሙና ይፈጥራል። ታዲያ ከውጭ የገባውና በውስጥ የተፈጠረው በአንድ ስም ቢጠሩ፣ አንባቢው በምን ይለያቸዋል? ለመጀመሪያው «ውጥረት ቀናሽ»፣ ለሁለተኛው «ሳሙና» ቢባል ግን ልዩነቱ ይጠበቃል።

የሙያ ቃል ተርጓሚ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ቃሉ ምን እንደሚል ሳይሆን ነገሩ ምን እንደሚሠራ ነው።