አንድ ክልል፣ አንድ ቆጠራ፣ ሁለት ቁጥር፦ የአይኤልትስ ሠንጠረዥ የማያስተምረን ነገር

አሶሳም ሆነ አዲስ አበባ፣ አይኤልትስ ለመፈተን የሚዘጋጅ ወጣት መጀመሪያ የሚሸመድደው የግሥ ዝርዝር ነው። «በፍጥነት አሻቀበ»፣ «ቀስ በቀስ አሽቆለቆለ»፣ «ባለበት ረጋ» የሚሉት በእንግሊዝኛ ተደርድረው ፎቶ ኮፒው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ምክንያት አለው። የአካዳሚክ አይኤልትስ የጽሑፍ ፈተና የመጀመሪያው ክፍል ሠንጠረዥ፣ ግራፍ ወይም ሌላ ሥዕል ይሰጥና በ20 ደቂቃ ገደማ ቢያንስ 150 ቃል ጻፉ ይላል። ዋና ዋናውን መርጣችሁ ዘግቡ፣ የሚነጻጸረውን አነጻጽሩ ነው ትዕዛዙ። የራስ አስተያየት አይጨመርም፤ ለምን ሆነ ብሎ መገመትም አይጠየቅም።

እስቲ በሩቅ አገር ምሳሌ ሳይሆን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቁጥር እንሞክረው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 460,459 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 35,902ቱ የከተማ ነዋሪ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ 784,345፣ የከተማው 105,926።

የተሸመደደው ግሥ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «የሕዝቡ ቁጥር ያለማቋረጥ አደገ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሠንጠረዡ ያላለውን ጽፏል። ያሉት ሁለት ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ በመካከላቸው ቁጥሩ ይውጣ ይውረድ ማን አየ? «የከተማ ነዋሪው ድርሻ በ5.7 ፐርሰንት ጨመረ» የሚለውም ስህተት ነው። ከ7.8 ወደ 13.5 መሄድ 5.7 የመቶኛ ነጥብ ነው እንጂ፣ ድርሻው ራሱ ከ70 ፐርሰንት በላይ ነው ያደገው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የከተማው ሕዝብ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቷል፤ የገጠሩ ሁለት እጥፍ እንኳን አልሞላም። ታዲያ ዕድገቱ የከተማ ነው እንበል? በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ከተጨመረው 323,886 ሰው ውስጥ 253,862ቱ የገጠር ነዋሪ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱንም በሁለት ዓረፍተ ነገር አስማምቶ መጻፍ ደግሞ ቀላል አይደለም። ፈተናው ይህን በመጠየቁ አመሰግነዋለሁ። ሣጥኑን ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ የሚደረድር ጽሑፍ ጥሩ ውጤት አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም።

(በነገራችን ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1994 እስከ 2007 ያለው 13 ዓመት ይመስላል፤ በእኛ ከ1987 እስከ 1999 ግን 12። የመጀመሪያው ቆጠራ በጥቅምት፣ ሁለተኛው በግንቦት ስለተካሄደ ትክክለኛው ልዩነት 12 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ነው። የዓመት አማካይ ስታሰሉ ይቺ ትንሽ ነገር ታስቸግራለች።)

ጸቤ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የዚያው የ1999ኙ ቆጠራ ማጠቃለያ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ የክልሉን ሕዝብ 670,847 ነው ያለው። 784,345 የሚለው በኋላ በወጣው ዘገባ የሰፈረ ነው። ልዩነቱ 113,498 ሰው፣ ማለትም በክልሉ ከተሞች ሁሉ ከተቆጠረው ሕዝብ ይበልጣል። በመጀመሪያው ቁጥር ብናሰላ ክልሉ በዓመት በአማካይ 3 ፐርሰንት አድጓል፤ በሁለተኛው ከ4 ፐርሰንት በላይ። በአንደኛው ፍጥነት ሕዝቡ እጥፍ የሚሆነው በ23 ዓመት ገደማ፣ በሌላኛው በ16 ዓመት አካባቢ ነው። ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ጤና ጣቢያ ይገንባ የሚለው መልስ ከዚህ ጋር ይለዋወጣል።

በፈተናው ግን አንዱን ተማሪ 670,847፣ ሌላውን 784,345 ብትሰጡት ሁለቱም በእኩል እርግጠኝነት «አሻቀበ» ብለው እኩል ማርክ ያገኛሉ። ቁጥሩ ከየት መጣ፣ የትኛው ዘገባ ነው ብሎ ለጠየቀ ተጨማሪ ነጥብ የለም፤ እንዲያውም ደቂቃው ያልቅበታል።

ፈተናው የቋንቋ ፈተና ነው፣ የስታትስቲክስ አይደለም ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ። እንግሊዝኛ ለመመዘን የተሠራን ነገር ለምን ሳይንስ አላስተማረም ብሎ መክሰስ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ተማሪ ሠንጠረዥን በቃላት መግለጽ የሚለማመደው ለዚህ ፈተና ሲዘጋጅ ብቻ ነው። ከዚያ ልማዱን ይዞት ይሄዳል። የማርማቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ምዕራፍ አራት ላይ ሲደርሱ «ከላይ ባለው ሠንጠረዥ እንደሚታየው» ብለው ይጀምሩና ሠንጠረዡን መልሰው ይጽፉልኛል። ስንት ሰው ተጠየቀ፣ ስንቱ መልስ አልሰጠም፣ ቁጥሩ ተቆጥሮ ነው ወይስ ተገምቶ? ዝም። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ እኛ መምህራንም ጠይቀናቸው አናውቅም።

ግራፍ ላይ ሲሆን ይብሳል። እነዚያኑ 460 ሺህና 784 ሺህ ቋሚ መስመሩ ከ400 ሺህ በሚጀምር የባር ግራፍ ብትስሏቸው ሁለተኛው ባር ከመጀመሪያው ስድስት እጥፍ ይረዝማል። እውነተኛው ዕድገት 1.7 እጥፍ ነው። «በአስደናቂ ሁኔታ ጨመረ» የሚል ግሥ ለሸመደደ ዓይን ይህ ግራፍ ግብዣ ነው።

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ቀጠሮው ተደጋግሞ ተራዝሟል። ስለዚህ የክልሉን የዛሬ ሕዝብ የሚያሳይ ማንኛውም ግራፍ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍሉ ትንበያ ነው። ለልምምድ ራሳችሁ ሳሉት፣ 150 ቃልም ጻፉበት። እስከ 1999 ያሉትን ሁለት ቆጠራዎች በነጥብ አስቀምጡ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን መስመር ግን የተቆራረጠ አድርጉት፤ በጽሑፋችሁም ውስጥ የተቆራረጠው ለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።